ሰፊው

ሂርማታ ገበያ፣ ከቆርቆሮው ጥግ፣ ከሸቀጡ ኋላ
አርባ አንድ ዓመት ሙሉ፣ አንድ ሲንጀር ላይ፣ ቀን ከቀን ሲያሰላ
የጅማን ወገብ ለካ አባቴ ሙዘሚል።
የሙሽራ ወገብ፣ የዳኛ፣ የሾፌር፣ የበርበሬ ነጋዴ፣
ቁጥሩን በሳሙና ጨርቁ ላይ ጭሮ፣ በራሱ ዘዴ፣
"ትንሽ ልልቀቅልህ፣" ይላል፣ "ሰው መቼም ይሰፋል።"
መርፌ ይሰፋል፤ ቦርጭም ይሰፋል፤
ቃሉ አንድ ስለሆነ ማን ለይቶ ያያል?
ሰፊው ሲሰፋ ኖረ፣
ሰፊው ሲሰፋ።

የራሱን ወገብ ግን አልለካውም ማንም።
በዓይኑ ነው የሚቆርጥ፤ ለራሱ ሲሆን ሜትር አያነሣም።

ስኳር አለብህ አሉት። እሺ አለ፤ ሻዩን እንደወትሮው
አራት ማንኪያ ጨምሮ፣ ማንኪያው ሲጠፋ በመቀስ እጀታ አማሰለው።
ግፊት አለብህ አሉት። ኪኒኑን ከሸሚዝ ቁልፍ ጋር ባንድ ጣሳ ከተተ፤
ኪኒን ሲፈልግ ቁልፍ ያወጣል፣ ቁልፍ ሲፈልግ ኪኒን።

ከዚያ ዓይኑ ቢጫ ሆነ። ክንዱ ቀጥኖ ሆዱ ተነፋ።
ሰፈሩም በተራው አንድ ሐሜት ሰፋ፦
"ጉበት ነው አሉ። ጉበት ደግሞ፣ መቼስ፣ መጠጥ ነው።
ማታ ማታ በር ዘግቶ ምን ሲያደርግ ነበር ይኼ ሰው?"
በር ዘግቶ የሚሰፋው የተማሪ ዩኒፎርም ነበረ።
ጠብታ ያልቀመሰ ሰው፣ በሰው አፍ ሰከረ።
እናቴን ከበሽታው ይልቅ ያከሳት ያ ነው።

ጨለማ ክፍል ውስጥ፣ ሆዱን ቀዝቃዛ ቅባት ቀብተው፣
ዶክተር ሶሬቲ ስክሪኑን ወደኔ አዞረችው።
"ይኼ ነጩ ስብ ነው። ይኼ ጠባሳ። ይኼኛው ደግሞ…"
ይኼኛውን ሳትጠራው ለካችው፣ እንደ አባቴ፣ ከጫፍ እስከ ጫፍ፤
ዘጠኝ ሴንቲሜትር።
"መጠጥ አይደለም፣" አለች። "ጮክ ብለሽ ንገሪያቸው።"

"ታዲያ ለምን እሱ?" አልኩ። "ሥጋ ሻጩ ኢዶሳ
በእጥፍ ቦርጩ አሁንም ሙሉ ታፋ በጫንቃው ያነሣል።"

ማዘዣ ገለበጠች፤ ከጀርባው ላይ ጻፈች፦
ሰብ።
"የጥንቱ ሰው ነው፤ ሰብአዊ የምንለው። አሁን እይ፣" አለች፣
አንዲት ጭረት ጨመረች፦
ስብ።
"ከእናት ከአባት በሚወርደው ረጅም ጽሑፍ ውስጥ
እንዲህ ያለች ፊደል አለች፣ በአንዳንዱ ሰው የምትለወጥ።
ስትለወጥ፣ ስቡ ከጉበት መውጫ በሩ ይጠብበታል።
ብቻዋን ዝምተኛ ናት። ስኳርና ቦርጭ ሲጠሯት ነው
አቤት የምትለው።"
"አባቴ ነበረችው?"
"ምናልባት። ደሙን ለዚያ የመረመረ የለም፣ እዚህ መሣሪያውም የለን።"
ምናልባት። ቃሏን አጥፌ ቦርሳዬ ከተትኩ፣ ከወረቀቱ ጋር።

የካቲት ላይ ቀበርነው። ከፈን አይሰፋም።
አርባ አንድ ዓመት የሰፋ ሰው
ባልተሰፋ ጨርቅ ሄደ።

"ዘር ከልጓም ይስባል፣" አሉ ሽማግሌዎቹ
ውርሱን ሲያካፍሉን፣ ሰኔ፣ ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድብ።
ሱቁ ለሜይሙና። የጓሮው ቤት ለረሻድ።
ለኔ ሲንጀሩ፣ ሜትሩ፣ የቁልፉ ጣሳ።
ያቺን ፊደል ግን ከመካከል ማንም አላነሣ።
ሁለት ቅጂ ከነበረው፣ ለሦስታችንም ደርሳለች፤
አንድ ከነበረው፣ እንደ ሳንቲም ተወርውራለች፤
ዘውድ ለማን፣ ጎፈር ለማን እንደወጣ አልታየም።

ማታ በሩን ዘጋሁ። ሜትሩን ወገቤ ላይ ጠመጠምኩት።
የመጀመሪያዎቹን አራት ቁጥሮች አውራ ጣቱ በልቷቸዋል፤
ከአምስት ይጀምራል። ላቡ አሁንም አለ።
ዘጠና አንድ።

ዓርብ ረሻድ ከቦንጋ ገባ፣ ሲኖትራኩን ደጅ አቁሞ፣
የለስላሳ ጠርሙስ በእጁ፣ ፈገግታው እንደቀድሞ።
"ቁም፣ ሱሪ ልስፋልህ፣" አልኩት። ቆመ። እጆቹን አነሣ።
የአባቴ ወገብ ነው፤ ጣቶቼ ሳይነኩት አወቁት።
ሆዱን ወደ ውስጥ ስቦ ሳቀ፤ ሜትሩ አልሳቀም።
"ትንሽ ልቀቂልኝ፣" አለ፣ "ሰው መቼም ይሰፋል።"
ቁጥሩን ጨርቅ ላይ አልጻፍኩም።
ከማዘዣው ጀርባ፣ ከሁለቱ ቃላት ሥር አኖርኩት።
"አልለቅም፣" አልኩት።